መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይሄዳል? የኮራል አኳሪየም ሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

መስታወቱ ዛሬ ቦታውን ያዘ። ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ነው። አፉ ድረስ ቢሞላ 300 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር የጨው ውሃ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ውሃው፣ መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና ከሥር የሚገባው ገንዳ ሲደመሩ ግማሽ ቶን ይጠጋሉ። ስለዚህ ከዕቃ ሳጥኔ መጀመሪያ ያወጣሁት ውሃ ልክ ነው።

ከግራ ወደ ቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ዘንበል ብሎ አገኘሁት። ወንድሜ «3 ሚሊ ምን አላት?» አለኝ። ባዶ ሳለ ምንም የላትም። ከሞላ በኋላ ግን ያለማቋረጥ አንዱን ማዕዘን ትጫነዋለች፣ ያኔ ደግሞ የሚያነቃንቀው ሰው የለም። ከማስቀመጫው እግር ሥር ሽብልቅ አስገብቼ አስተካከልኩት። መስታወቱና ማስቀመጫው መሃል ሽብልቅ አይገባም፣ ክብደቱ አንድ ነጥብ ላይ ያርፍና ይሰነጥቀዋል።

የሥርዓቱ ነገር ቀላል ነው። ውሃ ከላይኛው መስታወት በቧንቧ ወደ ታችኛው ገንዳ ይወርዳል። ገንዳው ሳምፕ ይባላል። እዚያ ይጣራል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ይገፋዋል። ቀላል ያልሆነው አንዱ ሲቆም ሌላው ምን እንደሚያደርግ ማወቁ ነው።

ቀን 3

የሳምፑን ክፍፍል ሠራሁ። 90 በ40 መሬት፣ 40 ቁመት። በመስታወት ቁራጮች ሦስት ቦታ ከፈልኩት። የመጀመሪያው ውሃው የሚወርድበትና ስኪመሩ (በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣው ማጣሪያ) የሚቆምበት፣ መካከለኛው የአልጌ ማሳደጊያ፣ የመጨረሻው የፓምፑ ነው። በመጨረሻው መግቢያ ላይ ሦስት ግድግዳዎች ተቀራርበው ቆመዋል። ውሃው በአንዱ ላይ ይፈሳል፣ በሁለተኛው ሥር ይሾልካል፣ በሦስተኛው ላይ እንደገና ይወጣል። በመሃላቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር ተውኩ። የአየር አረፋ ወደ ታች መሄድ ስለማይወድ እዚያ ይቀራል። አለበለዚያ ፓምፑ አረፋውን ወደ ላይ ይረጨዋል፣ መስታወቱም ሶዳ ውሃ ይመስላል።

ሲሊኮኑን ስትመርጡ የሻጋታ መከላከያ ያለውን አትንኩ። ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው፣ ለባሕር እንስሳ መርዝ ነው። እኔ የተጠቀምኩት ተራውን፣ ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ነው። ክፍሉ ሦስት ቀን ሸተተ።

ቀን 6

የቧንቧ ቀን። ስጠብቃትም ስፈራትም የነበረች ቀን።

ፒቪሲውን በሰጌቶ ቆረጥኩ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ማጣበቂያውን በሁለቱም በኩል ቀብቼ ሩብ ዙር እያዞርኩ አስገባሁ። የሚገጣጠመውን ሁሉ መጀመሪያ በደረቁ ሰክቼ፣ በማርከር ምልክት አድርጌ ነበር። ጥንቁቅ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ የፓምፑን መስመር ካጣበቅሁ በኋላ የዩኒየኑን (እንደገና የሚፈታ መጋጠሚያ ነው) ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ከማጣበቄ በፊት ቧንቧው ላይ መግባት ነበረበት። አሁን አይገባም። ማጣበቂያው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይይዛል። ቆርጬ ጥዬ እንደ አዲስ ሠራሁ። አይ እኔ!

ወንድሜ የተረፈ የናስ መጋጠሚያ ይዞ መጣ። «ይኼ እኮ ከፕላስቲክ ይጠነክራል» አለ። ይጠነክራል፣ ግን ናስ ውስጥ መዳብ አለ። መዳብ ኮራልን፣ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን በጥቂቱም ይገድላል። የጨው ውሃ ደግሞ ብረትን ቀስ እያለ ይበላል። ውሃ የሚነካው ነገር ሁሉ ፕላስቲክ፣ መስታወት ወይም ሲሊኮን ይሁን።

መውረጃው ሁለት ቧንቧ ነው፤ ሁለቱም ማዕዘኑ ላይ ባለችው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ቆመዋል። ዋናው አፉ ዝቅ ያለ ነው፣ ታች ፍሰቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚቆጣጠር ጌት ቫልቭ አለው። ቫልቩን አጥብቄ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ በውሃ እንዲሞላ አደርገዋለሁ። አየር ካልገባበት ድምፅ የለውም። ሁለተኛው አፉ ከፍ ያለ ነው፣ ቫልቭ የለውም፣ እንዲሁ ባዶውን ይቆማል። ዋናው ቢደፈን ውሃው ከፍ ብሎ በእሱ ይወርዳል። ያኔ ይንጎራጎራል። መንጎራጎሩ ደወል ነው።

ቀን 8

ማጣበቂያው ከ24 ሰዓት በላይ ደርቋል። በተራ ውሃ ሞላሁት። የመጀመሪያ ሙከራ በጨው ውሃ የሚያደርግ ሰው ጨው የተረፈው ነው።

ፓምፑ የመጣበት ካርቶን ላይ በሰዓት 4,000 ሊትር ይላል። ያ ግን ውሃውን ከፍ ወዳለ ቦታ ሳይገፋ ነው። የእኔ አንድ ሜትር ተኩል ይወጣል፣ ሁለት ክርንም ያልፋል። እውነቱን ለማወቅ የመመለሻውን ጎማ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ከትቼ ሰዓት ያዝኩ። በ18 ሰከንድ ሞላ። ይህ በሰዓት 2,000 ሊትር ነው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እኩሌታ። ለእኔ ይበቃል፣ ውሃው በሰዓት ስድስት ጊዜ ተኩል ያህል በማጣሪያው ያልፋል። የኮራሉን ንቅናቄ የሚሰጡት ሌሎች ፓምፖች ናቸው።

ቫልቩን ሳስተካክል ሃያ ደቂቃ ያህል ተንበረከክሁ። ትንሽ ሲዞር የሳጥኑ ውሃ ይወርድና ቧንቧው አየር መሳብ ይጀምራል፣ እንደ ሰው ያንኮራፋል። መልሼ ሳጠብቀው ከፍ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ጸጥ አለ። ፓምፑ እንኳ የቆመ መስሎኝ ሄጄ በእጄ ዳሰስኩት። ይንዘፈዘፋል።

በዚህ ደስታ ላይ እያለሁ ሶኬቱን ነቀልኩት። መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ነገሩን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ፓምፑ ቆመ። ውሃው ግን አልቆመም። በመውረጃው መፍሰሱ ይጠበቃል፣ ውሃ እስከሚገባባቸው የማዕዘኑ ሳጥን ክፍተቶች ወርዶ ይቆማል። እኔ ያልጠበቅሁት በመመለሻው ቧንቧ ወደ ኋላ መፍሰሱ ነው። አፉ ከውሃው ወለል 9 ሴንቲ ሜትር ጠልቋል። ፓምፑ ሲቆም ያ አፍ ሲፎን ሆነ፣ አየር እስኪያገኝ ድረስ መስታወቱን መምጠጡን አላቆመም። ሳምፑ ውስጥ ውሃው መስመር በመስመር ሲወጣ አየሁት። ከጫፉ ሁለት ጣት ቀረው። አንድ ጣት። ከዚያ በፊት ለፊት ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን መስታወት ተዘርግቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ወንድሜ መጥረጊያ ይዞ መጣና «ዓሣ የለህ፣ ኮራል የለህ፣ ውሃ ብቻ ታንከራትታለህ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አምስት ስድስት ሊትር ጠረግን።

ቀን 9

ሌሊቱን ወረቀት ላይ ሳሰላ አደርኩ። ማድረግ የነበረብኝ ከቧንቧው በፊት ነበር።

የላይኛው መስታወት 120 በ50 ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 6 ሊትር ይፈሳል። 9 ሴንቲ ሜትር 54 ሊትር። ከማዕዘኑ ሳጥን 7 ሊትር፣ ከቧንቧዎቹ 2 ሊትር ያህል። ድምሩ 63። ሳምፑ ደግሞ በአንድ ሴንቲ ሜትር 3.6 ሊትር ይይዛል። ሲሠራ ውሃው 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፣ እስከ ጫፉ 16 ይቀራል፣ ይህም 57 ሊትር ተኩል። 63 ሊትር ለ57 ቦታ። የተጠረገው ውሃ ልክ ወረቀቱ ላይ ወጣ።

መፍትሔው ዕቃ መግዛት አይደለም። የመመለሻውን አፍ ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲጠልቅ አነሳሁት። አሁን የሚወርደው 12 ሲደመር 7 ሲደመር 2፣ 21 ሊትር ነው። ከቧንቧው ጎን፣ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳም በሳሁ። ውሃው ትንሽ እንደወረደ አየር ይገባና ሲፎኑ ይቆረጣል። ቀዳዳው ላይ ብቻ ግን አልተማመንም፣ አልጌ ወይም ቀንድ አውጣ ሊደፍነው ይችላል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ማድረግ ይቻል ነበር። እሱም ጨውና ኖራ ሲጋገርበት በደንብ አይዘጋም። የአፉ ቦታ ግን አይበላሽም።

ከዚያ ተቃራኒውን ሞከርኩ። ዋናውን መውረጃ በእጄ ደፈንኩት። ውሃው ከፍ አለ፣ ሁለተኛው ቧንቧ እየተንጎራጎረ ተቀበለው። ሁለቱም ቢደፈኑስ? ፓምፑ መግፋቱን ይቀጥላል። የፓምፑ ክፍል 25 በ40 ነው፣ በሴንቲ ሜትር አንድ ሊትር። ከፓምፑ አፍ በላይ ያለው 15 ሊትር ያህል ነው። ላይ ደግሞ ከውሃው እስከ መስታወቱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር አለኝ፣ 18 ሊትር። ፓምፑ ውሃ አልቆበት ይጮኻል እንጂ ላይኛው አይሞላም።

ሶኬቱን አራት ጊዜ ነቀልኩ፣ አራት ጊዜ ሰካሁ። ወለሉ ደረቅ ነው።

ቀን 12

ውሃ ማዘጋጀት። የቧንቧ ውሃ ለእኛ ደህና ነው፣ ለኮራል ግን ክሎሪኑ፣ ናይትሬቱ፣ ፎስፌቱና ሲሊኬቱ ችግር ነው። በአራት ደረጃ አጣራለሁ፤ የደለል ማጣሪያ፣ ካርበን፣ ሜምብሬን (እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን)፣ በመጨረሻ ሬዚን (የቀረውን የሟሟ ነገር የሚይዝ ፍሬ)። በውሃው የሟሟውን ነገር በሚለካው መለኪያ ሲገባ 180 ይላል፣ ከሜምብሬኑ በኋላ 6፣ ከሬዚኑ በኋላ ዜሮ። ዜሮ ካላለ ሬዚኑ ይቀየራል፣ ድርድር የለውም። የሚጣለው ውሃ ከሚጣራው ይበዛል፣ እሱን ለልብስና ለአትክልት እይዘዋለሁ። ነገሩ እጅግ ቀርፋፋ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ። በርሜሉ ላይ ተንሳፋፊ መዝጊያ ገጥሜያለሁ፣ የተረሳ ማጣሪያ ቤት ያጥለቀልቃል።

ጨው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ ባሕር በኪሎ 35 ግራም ጨው ስላለው በሊትር 35 ግራም ይጨምራል። የሚሸጠው ጨው ግን በውስጡ ርጥበት ያዘለ ነው፣ በሊትር 38 ግራም አካባቢ ያስፈልጋል። ለእኔ 340 ሊትር 13 ኪሎ ገባ። ጨው ወደ ውሃ ነው የሚጨመረው፣ ውሃ ወደ ጨው አይደለም። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ በርሜሉ ሥር ይቀራል።

የጨዋማነት መለኪያዬ 35 አለ። ደስ አለኝ። ቀደም ብዬ ግን ያስተካከልኩት በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ብቻ ነበር። በ35 መደበኛ ፈሳሽ ስፈትነው 37 አነበበ። ለካ ውሃዬ 33 ነው። ዜሮ ላይ እውነት የሚናገር መለኪያ 35 ላይ ሊዋሽ ይችላል።

ቀን 14

ኤሌክትሪክ። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ እንደገና ይወጣል፣ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ እዚያ ወለሉ ላይ እንዲንጠባጠብ። ማከፋፈያው ግድግዳው ላይ ከሳምፑ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያገኝ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ መጀመሪያ ላይ አለ። እጅ የሚገባበት የጨው ውሃ ላይ ይህን መዝለል ድፍረት አይደለም፣ ሞኝነት ነው።

ማሞቂያ አንድ ባለ 300 ዋት ሳይሆን ሁለት ባለ 150 አስገባሁ። ማሞቂያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ በርቶ ይቀራል። ባለ 150ው በርቶ ቢቀር 340 ሊትር ውሃ፣ ሙቀት ባይባክንም እንኳ፣ በሰዓት 0.4 ዲግሪ ያህል ብቻ ይጨምራል፣ ልደርስበት እችላለሁ። አንዱ ቢሞት ሌላው ያቆየዋል። ሁለቱም በውጭ መቆጣጠሪያ በኩል ያልፋሉ፣ 25.5 ዲግሪ ላይ።

ቀን 16

ድንጋዩ ገባ፣ አሸዋው ገባ። ውሃው ወተት መሰለ፣ በማግስቱ ጠራ።

ሰው ማጣሪያ ሲባል ስኪመሩን ያያል። ዋናው ማጣሪያ ድንጋዩ ነው። ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይቀይራል። ደረቅ ድንጋይ ስለተጠቀምኩ ከዜሮ ነው የምጀምረው። የባክቴሪያ ጠርሙስ አፈሰስኩ፣ ለምግባቸው አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም እስኪደርስ ጨመርኩ። መብራት አጥፍቼ፣ ስኪመር ሳልከፍት ተውኩት።

ቀን 20። አሞኒያ 2።

ቀን 23። አሁንም 2። ድንጋይ ይዤ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ቀን 25

ዛሬ 1። ናይትራይት ታየ። ባክቴሪያዎቹ ሥራ ጀምረዋል።

እስከዚያ የውሃ መሙያውን ገጠምኩ። በቀን ወደ 3 ሊትር ይተናል። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ነው፣ ጨው ይቀራል። ሳምንት ብተወው ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 37 ያልፋል። የሚጎድለው ደግሞ የፓምፑ ክፍል ብቻ ነው፣ ሌሎቹን ግድግዳዎቹ ይይዟቸዋል። በቀን 3 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ የውሃውን ከፍታ በብርሃን የሚያይ ሴንሰር እዚያ ለጠፍኩ፣ ሲጎድል ትንሽ ፓምፕ ንጹሕ ውሃ ያመጣል።

የንጹሕ ውሃው ጄሪካን 20 ሊትር ነው። ትልቅ ማድረግ ይቻል ነበር፣ ሆን ብዬ ነው። ሴንሰሩ ቢያብድና ሁሉንም ቢያፈስ ጨዋማነቱ ወደ 33 ይወርዳል፣ ማንም አይሞትም። ሳምፑም 20ውን ይችላል።

ከዚያ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቀን 9 ላይ ሁለቱም መውረጃ ቢደፈኑ ላይኛው መስታወት አይሞላም ብዬ ነበር። ያኔ ግን የውሃ መሙያ አልነበረም! አሁን ፓምፑ የራሱን ክፍል ሲያደርቅ ሴንሰሩ «ጎደለ» ይልና 20 ሊትር ይልካል፣ ፓምፑም ወደ ላይ ይገፋዋል። 15 ሲደመር 20፣ ያለኝ ቦታ 18። ልቤ ድንግጥ አለ። መቆጣጠሪያው ላይ የጊዜ ገደብ ነበር፣ አንድ ጊዜ ሲነሳ ከ2 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራና ቆልፎ እንዲጮኽ አደረግሁት። በደቂቃ አንድ ሊትር ነው የሚገፋው። 15 ሲደመር 2፣ 17። ጠባብ ነው፣ ግን ይበቃል።

ቀን 41

ትናንት ማታ 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ጨመርኩ። ዛሬ ማታ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። 25 ቀን ወሰደ። የውሃውን አንድ ሦስተኛ ቀየርኩና ናይትሬቱን ቀነስኩ። አሸዋው ላይ ቡናማ ብናኝ ወጥቷል፣ ዳያተም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል።

ስኪመሩን ከፈትኩ። ሥራው አረፋ ማውጣት ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟ ቅባትና ፕሮቲን የአየር አረፋን ይወዳል፣ ይለጠፍበታል፣ አብሮት ወደ ጽዋው ይወጣል። በጨው ውሃ አረፋው ደቃቅ ስለሚሆን ይሠራል፣ በንጹሕ ውሃ ግን እምብዛም። የእኔው ወዲያው ማበድ ጀመረ፣ ጽዋው በአሥር ደቂቃ ንጹሕ ውሃ ሞላ። መመሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይላል፣ የእኔ ክፍል 24 ነው። ከሥሩ 4 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ መቆሚያ አደረግሁለት። ተረጋጋ። ለሳምንት ያህል ግን ምንም አላወጣም፣ አዲስ ስኪመር እስኪሟሽ ድረስ እንዲህ ነው፣ በየሰዓቱ መነካካት አያስፈልገውም። በስምንተኛው ቀን ጥቁር ሻይ የመሰለ፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ነገር ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ግማት ሰው ሲያስደስት አይቼ አላውቅም።

መውረጃው ሥር ያለው የጨርቅ ከረጢት ቀዳዳው 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ነው። በሦስት በአራት ቀን ካልተቀየረ የያዘው ቆሻሻ እዚያው ይበሰብስና ናይትሬት ይሆናል። የማትቀይሩት ከሆነ ባትሰቅሉት ይሻላል።

ቀን 52

ለኮራል የሚያስፈልጉትን ለካሁ፤ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) በራሱ መለኪያ 8.3 ዲኬኤች፣ ካልሲየም በሊትር 430 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየም 1,320። መብራቱን በአቅሙ 30 በመቶ ላይ ከፈትኩ። ኮራል በሥጋው ውስጥ አልጌ ይዞ ነው የሚኖረው፣ አልጌው ከብርሃን ስኳር ሠርቶ ያበላዋል። ከደብዛዛ ቦታ የመጣውን ኮራል ድንገት ብርሃን ከደፋችሁበት ወይም ውሃው ከሞቀ አልጌውን ያወጣና ይነጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት የዲስኮሶማ (እንጉዳይ የሚመስል ለስላሳ ኮራል) ቁራጮች ገቡ። ጠንካሮች ናቸው፣ ብዙ ብርሃንም አይፈልጉም። ከታች ጥግ፣ ሞገዱ በማያገኛቸው ቦታ አስቀመጥኳቸው። ለአራት ሰዓት ተኮማትረው ቆዩ። ማታ ላይ አንዱ ጠርዙን ዘረጋ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል የነበረው የሣንቲም ያህል ሆነ። ወንድሜ ጠጋ ብሎ አየና «ለዚህ ነው?» አለ። አዎ፣ ለዚህ ነው።

ቀን 60

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ያነቃኝ ጸጥታ ነው። መብራት ጠፍቷል።

በባትሪ ብርሃን ሄጄ ሳምፑ ፊት ተቀመጥኩ። ውሃው እየወጣ ነበር። 28፣ 29። ከዚያ ላይ፣ የመመለሻው አፍ አየር ስቦ ፉት ሲል ሰማሁ። ሳምፑ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳያልፍ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ያለው 29.8 ነው፣ መስመሩን በማርከር አሰመርኩበት።

በባትሪ የሚሠራውን የአየር ፓምፕ አስገባሁ። መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ሙቀት ሳይሆን ኦክስጅን ነው። ለሁለት ኮራል ብዙ አያስጨንቅም፣ ዓሣ ሲገባ ግን ሌላ ነው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ። ፓምፑ ተነሳ፣ ሁለተኛው ቧንቧ ለሁለት ደቂቃ ተንጎራጎረ፣ ዋናው አየሩን አስወጥቶ ጸጥ አለ። ስኪመሩ ግን የውሃው ከፍታ ስለተናጋ ጽዋውን ሞልቶ ነበር፣ ደፋሁት። ነገ ከስኪመሩ ጋር አምስት ደቂቃ የሚያዘገይ ሰዓት ቆጣሪ እገጥማለሁ። ከረጢቱም መቀየሪያው ደርሷል።